«ከሱቅ ከወጣ ተጠያቂ አይደለንም»

አማቴን ሰፈሩ «እማማ መዘውር» ይላቸዋል። የስፌት ማሽን በስተቀኝ በኩል በእጅ የምትዞር ክብ ብረት አለች አይደል፣ እሷ ናት መዘውር። እማማ የትም ቤት ይግቡ፣ ማሽን ካለ መጀመሪያ እጃቸው የሚሄደው ወደ እሷ ነው፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ልጃቸው እኔን ሊያገባ ሲል ከወላጆቼ ጋር ሊተዋወቁ የመጡ ዕለት እንኳ፣ እናቴ ዳንቴል አልብሳ አበባ ያስቀመጠችባትን አሮጌ ማሽን ከበሩ ላይ ሆነው አዩና፣ አበባውን አንስተው ለአባቴ አስያዙት። መዘውሯን ዞር ዞር አድርገው «ይቺ ልጅ ተጠምታለች እኮ» አሉ። አባቴ እኔን መስሎት ውሃ አስመጣ። እሳቸው ግን ከቦርሳቸው ዘይት አውጥተው ማሽኗን ማጠጣት ጀምረዋል። እውነቱን ልናገርና እኔ ባሌን ያገባሁት ለእናቱ ስል ነው፣ እሱም ያውቀዋል።

ባላቸው የሞቱት ልጃቸው ገና ዳዴ ሲል ነው። የቀራቸው ልጁና አንዲት ማሽን ነበሩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሰው ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ የሰው ቀሚስ ሲያሰፉ ኖሩ። ማሽኗ በታመመች ቁጥር የሚያክማት አንድ ጠጋኝ ነበረ፤ ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሳቸዋል፣ ሲመጣ ደግሞ «ምን አድርገሽ ገደልሻት» ብሎ ይጮህባቸዋል። አንድ ቀን ሆድ ባሳቸውና አንሶላ መሬት ላይ ዘርግተው ማሽኗን ብሎን በብሎን ፈቷት። መልሰው ሲገጥሟት አንዲት ብሎን ተረፈች። ማሽኗ ግን ከበፊቱ አሳምራ ሰፋች። «አንዳንዱ ለቁጥር ብቻ ነው ያለው» ይላሉ ይህን ሲያወሩ፣ ባሌን በዓይናቸው ጠቀስ አድርገው። እሱም ለምዶታል፣ ይስቃል።

በዚያው የሰው የተሰባበረ ማሽን እየገዙ፣ እያከሙ መሸጥ ጀመሩ። ሱቋ በመስታወት ቆራጭና በጫማ ጠጋኝ መካከል የተወሸቀች ጠባብ ክፍል ናት። ማሽኖቹ ግራና ቀኝ ስለተደረደሩ ወፈር ያለ ሰው በጎኑ ነው የሚገባው። እማማ ደግሞ መሸጥ የማይወዱ ሻጭ ናቸው። ገዢ ሲመጣ ዋጋ አይነግሩም፤ «ምን ልትሰፊባት ነው?» ብለው ነው የሚጀምሩት። ከዚያ «ሂጂና የራስሽን ጨርቅ ይዘሽ ነይ» ይላሉ። ገዢዋ ጨርቋን ይዛ መጥታ፣ ተቀምጣ፣ ራሷ ሰፍታ ካላየች ማሽን ከዚያ ቤት አይወጣም። መጋረጃ ሰፊዋን በመጋረጃ ጨርቅ፣ ሸራ ሰፊውን በሸራ። ቸኩያለሁ የሚል ሰው ከመጣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ተቆጥቶ የሚሄድ አለ። ተመልሶ የማይመጣ ግን አላየሁም።

ችግር ያለባት ማሽን ስትኖር መዘውሯ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። በቃ። ቀይ ክር ያለባት ማሽን ታማለች፣ ተኝታለች፣ አትነካም፣ አትሸጥም። ባሌ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ያወቀው ይህን ነው።

ባሌ ደግሞ ልቡ ንጹሕ ነው፣ በዚህ አላማውም፤ አፉ ግን ዘመናዊ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ከእኛ የገዛትን ማሽን ከጋሪ ላይ ጥሎ ካደቀቃት በኋላ፣ ስብርባሪውን ይዞ መጥቶ «አታላዮች» ብሎ ሰፈሩን በጩኸት ቀወጠው። እማማ ዝም ብለው ተቀብለው፣ አክመው፣ ያለ ዋጋ መለሱለት። ባሌ ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግሥቱ ሬዲዮ ጣቢያ ሄዶ በገዛ ድምፁ ማስታወቂያ አስቀረጸ። መጀመሪያ ላይ በሙዚቃ ታጅቦ ማሽኖቻችንን ያሞግሳል፤ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው አጣድፎ፦ «ከሱቅ ከወጣ በኋላ ለሚደርስ ማንኛውም ብልሽት ተጠያቂ አይደለንም» ይላል። ይህንኑ ሱቁ ግድግዳ ላይ በትልልቁ አስጻፈው።

ማስታወቂያው መጀመሪያ ሲተላለፍ ምሳ እየበላን ነበር። እማማ ማንኪያቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ልጄ፣ ሰውየው ገና ሳይገዛ ከወዲሁ ትጣላዋለህ እንዴ?» አሉት።

«እማዬ፣ ጊዜው ነው። አሁን ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው።»

«ሁሉም ተጠያቂ አይደለሁም ካለ፣ ማን ሊጠየቅ ነው ታዲያ?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሌ ብርጭቆ በሰበረ ቁጥር ቀድሜው «ተጠያቂ አይደለንም» እላለሁ።

እንዲህ እያልን ሳለን የእማማ ዓይን ላይ ሞራ ወጣ። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታቸው፤ በእጃቸው እየዳበሱ መሥራቱን ግን አልተዉም። በመጨረሻ ሐኪሙ ይገፈፍ አለ፤ እህታቸው ያሉበት ከተማ ሄደው ሊታከሙ፣ እዚያው አርፈው ሊመለሱ ሆነ። ሊሄዱ ሲሉ ሱቅ ገብተው እያንዳንዷን ማሽን መዘውሯን ይዘው አዳመጡና፣ ቁልፉን ለባሌ ሰጥተው ሄዱ። እኔ ዳቦ ቤት ሂሳብ ተቀባይ ስለሆንኩ ሱቁን የያዘው እሱ ብቻውን ነው።

እሳቸው በሌሉበት አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። አንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም እንድትሰፋለት ጨርቁን ከነጥቅሉ ሰጥቷታል፤ የራሷ ማሽን በመካከሉ ሞተባት። ባሌ አንዲቷን አሳያት፤ ቀጭን ቁራጭ ጨርቅ አቀበላት፣ ሞከረችው፣ ስፌቱ በማስመሪያ እንደተሰመረ ወጣ። «ወስደሽ ዓመት ከዓመት ስፊባት፣ አትከዳሽም» አላት። ገዝታ ሄደች።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ለባሌ ምሳ ላደርስለት ሱቅ ስገባ፣ ይህችው ሴት ጥቅል ጨርቅ ታቅፋ ቆማለች። የዩኒፎርሙ ጨርቅ ወፍራም ነው። ማሽኗ መጀመሪያ ደህና ሰፍታ፣ ሲውል ከሥር ክሩን እያጠላለፈች ጨርቁን ትዘነጥለዋለች። የተዘነጠለውን ቀሚስ አንድ በአንድ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችለት። ባሌ ቀና ብሎ አላያትም፤ በጣቱ ግድግዳውን አሳያት።

«አላነበብሽም?»

«አንብቤያለሁ።»

«በሬዲዮስ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ትንሿ ልጄ እንኳን በቃሏ ትለዋለች።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እኔ የገዛሁት ከሬዲዮው አይደለም፣ ካንተ ነው። አንተ ደግሞ አትከዳሽም ብለኸኛል።»

እኔ ብሆን እዚያው እሸነፍ ነበር። እሱ ግን ያንኑ ግድግዳ እያሳየ ችክ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ባሌ ያን ዕለት ሁለቱንም ሆኖ ዋለ። ሴትየዋ ቀሚሶቿን መልሳ አጣጥፋ «እንግዲያው ሕግ ይየው» ብላ ወጣች። «መልስላት እንጂ፣ ምን ነካህ» ስለው ቱግ አለብኝ። እሱ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ከዚያም ምግብ አስጠላው፤ እኔ ሆዱን ያመመው መስሎኝ ተልባ ሳፈላለት ሰነበትኩ።

እማማ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ተመልሰው በመጡ ሰሞን የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰ። የንግድ ፈቃዱ በእሳቸው ስም ስለሆነ የተከሰሱት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ገና ስላልጠና እኔ አነበብኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁት ስለ ክሱ አይደለም።

«ማሽኗን ወስደሽ አሳዪኝ» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድን። አንድ ክፍል ቤት ናት፤ የተቆረጠው ጨርቅ አልጋውን ሞልቶታል፣ ማሽኗ መስኮቱ ሥር ቆማለች። ሴትየዋ ፊቷ እንደጠቆረ ነው፣ ግን ወንበር አቀረበችላቸው። እማማ አልተቀመጡም። መዘውሯን ይዘው ቀስ አድርገው አዞሩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ደግመው አዞሩ። ከዚያ ጣታቸውን ከሥር አስገብተው ክር የሚይዘውን ብረት ዳበሱ። እጃቸው እዚያው ቀረ።

«ይቺ እኮ የታመመችዋ ናት» አሉ። ብረቱ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለው፤ ቀጭን ጨርቅ ላይ አያስታውቅም፣ ወፍራም ላይ ሲጨነቅ ይከፈታል። «ከመሄዴ በፊት አውቄባታለሁ። ክር ሳላስርባት ሄድኩ ማለት ነው።» ወደ ሴትየዋ ዞሩ። «ልጄ፣ ረስቼ ነው። ይቅር በዪኝ።»

ስንመለስ ከታክሲው ልንወርድ ስንል «ዓይኔን ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ለካስ ጭንቅላቴም ሄዷል» አሉኝ።

ቤት ደርሰው ለባሌ ነገሩት። «ልጄ፣ የታመመችውን ሳላስር ሄጄ ጉድ ሠራሁህ። አንተ ምን ታደርግ፣ ክር ካላየህ።» ባሌ አፉን ከፈት አድርጎ ዘጋው፤ ተነስቶ ወጣ። የተቆጣባቸው መስሎኝ ደሜ ፈላ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው አንጀቴን የበላኝ። እማማ ሱቅ መግባት ተዉ። ቁልፉን ልመልስላቸው ስል «ያዙት። እጁን የማያምን ሰው ለሰው ማሽን አይሸጥም» አሉ። ያቺ የዘይት ዕቃቸው ቦርሳቸው ውስጥ እንዳለች ነው፣ አይነኳትም። መስኮት ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ያላቀጣጠሉትን ምድጃ «አጥፍቼዋለሁ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጠዋት የነገሩኝን ነገር ደግሞ ማታ «ነግሬሽ ነበር ወይ?» ይላሉ። ዓይናቸው በየቀኑ እየጠራ ነው፣ ሐኪሙም ደስ ብሎታል። እሳቸው ግን ከእጄ እየወጡ ነው። አንዲት የተረሳች ክር ይህን ሁሉ ማድረግ ትችላለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ለሌላው ክር ናት፤ እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚያች እጅ ነው ያቆሙት፣ ልጃቸውን ያሳደጉት በዚያች እጅ ነው።

የባሌ የትምህርት ቤት ጓደኛ የሆነ ጠበቃ መጣ። ከረባቱን እያስተካከለ አስረዳን። «ነገሩ ቀላል ነው። ገዢዋ ማስታወቂያውን ሰምታለች፣ አንብባለችም፣ አልካደችም። ሰምታ ከገዛች ተስማምታለች ማለት ነው። እማማ፣ እርስዎ ችሎት ላይ ምንም አይናገሩ፤ እናሸንፋለን።»

«ብናሸንፍ የረሳሁት ይመለሳል?» አሉት።

ጠበቃው ከረባቱን እንደገና አስተካከለ። ለሴትየዋ ገንዘቧን መልሰን እንገላገል ስል እኔ፣ ጠበቃው «አሁን ከመለሳችሁ ጥፋተኛ ነን ማለት ነው፣ የጨርቁም ዕዳ ይመጣል» አለ። በፊት ቢሆን እማማ ይህን ሰምተው ዝም አይሉም ነበር። አሁን «እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። እዚያው ማልቀስ አማረኝ።

የቀጠሮው ዕለት ማሽኗ ለማስረጃ ተብላ ችሎቱ ጥግ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ዳኛዋ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲናገር ቀና ብለው የሚያዩ ሴት ናቸው። ጠበቃችን ተነስቶ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ግድግዳው፣ ገዢ አውቆ ነው የሚገዛው ስለሚባለው ነገር ብዙ አወራ። ሲጨርስ ዳኛዋ ባሌን ጠየቁት።

«ማሽኗን ስትሸጥላት፣ ‹ብትበላሽ የራስሽ ጉዳይ ነው› ብለህ ነግረሃታል?»

«ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል።»

«ግድግዳውን አልጠየቅሁም። አንተ ምን አልካት?»

«አትከዳሽም አልኳት።»

ዳኛዋ ወደ እማማ ዞሩ። ማሽኗ ከመሸጧ በፊት ጉድለቷን ያውቁ እንደሆነ ጠየቋቸው። ጠበቃችን ብድግ ሊል ሲል እማማ ቀድመውት ቆሙ።

«አውቅ ነበር። የታመመች ማሽን ላይ ቀይ ክር አስራለሁ፣ እንዳትሸጥ። ይህችኛዋን ረሳኋት። ልጄ ክር ስላላየ ሸጠ፣ እሱ ላይ ምንም ጥፋት የለም። እርጅና ነው። ሱቁንም ትቻለሁ፤ ከእንግዲህ በኔ ምክንያት የማንም ጨርቅ አይቀደድም።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሕክምናው ይሁን ሌላ፣ እንጃ።

ልብስ ሰፊዋ እንኳ አቀርቅራለች። ዳኛዋ መጻፍ ጀምረው ሳለ ባሌ ተነሳ። ጠበቃው ኮቱን ጎተተው፤ እሱ እጁን መንጭቆ አስለቀቀ።

«አልረሳችም» አለ። ድምፁ የሬዲዮው ድምፅ አልነበረም። «ክሩ ነበረ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። በቀጭን ጨርቅ ስሞክራት አሳምራ ሰፋች፤ እማዬ ታበዛዋለች አልኩ። ደግሞም ብትበላሽ ማስታወቂያው አለ፣ ማን ይጠይቀኛል አልኩ። እማዬ ረሳሁ ስትል ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ አቃተኝ። እናቴ ክር ማሰር ረስታ አታውቅም። ይጻፍልኝ።»

እዚያው አግዳሚ ላይ ልደበድበው አማረኝ፤ ልስመውም አማረኝ። ያን ሁሉ ተልባ ያፈላሁት ለዚህ ኖሯል።

ዳኛዋ ውሳኔውን በቃል አስረዱን። ማስታወቂያ ሰውን ወደ ሱቅ ይጠራል፣ ውል ግን አይሆንም አሉ፤ ሻጩ ለአገር ሁሉ የተናገረውን ገዢዋ መስማቷ ብቻ ተስማምታለች አያሰኝም። ውሉ ሁለቱ ፊት ለፊት የተነጋገሩት ነው፣ እዚያ የተባለው ደግሞ «አትከዳሽም» ነው። «ተስማምታበትም ቢሆን ኖሮ» አሉ፣ «ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ የሸጠ ሰው ግድግዳው ላይ በጻፈው ነገር ሊከለል አይችልም።» ማሽኗ ትመለስ፣ ዋጋው ይመለስ፣ የተቀደደው ጨርቅም ይተካ ብለው ወሰኑ። ይህን ሁሉ የሰማሁት እኔ ነኝ። እናትና ልጅ የሰሙ አይመስለኝም፤ እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጣቶቻቸውን እያገላበጡ ያያሉ፣ እሱ እሳቸውን ያያል።

ከችሎት ወጥተን ደረጃው ጫፍ ላይ ስንደርስ ባሌ ከፊታቸው ቆመ። ይቅርታ ሊጠይቅ ሞከረ። እማማ ግን ቀድመው ተናገሩ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ለዚህ ነው መቋቋም ያልቻልኩት።

«ስለ ማሽኗ ዳኛዋ ነግረውሃል፣ እኔ አልጨምርበትም። ግን ልጄ፣ ዛሬም ዝም ብትል ኖሮ፣ እኔ እኮ ራሴን እንደጠረጠርኩ ነበር የምሞተው።»

ባሌ፣ ያ ግንባረ ደረቅ፣ ሰው በሚወጣበት ደረጃ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እማማ ትንሽ ቆይተው ክንዱን ያዙት፤ ደረጃው ገና በደንብ አይታያቸውም ነበር።